የተሰጠ ቁጥር አይነጠቅም፦ ከሊኑክስ ከርነል እስከ ጅግጅጋ ስልኮች

ጅግጅጋ ላይ ከአወዳይ የመጣ ጫት ተረክባ የምትቸረችር ሴት ለአከፋፋይዋ ገንዘብ ስትልክ የስልኳን ስክሪን አታነብም። ኮከብ፣ ሦስት አኃዝ፣ መሰላል፤ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ የተቀባዩ ስልክ፣ መጠኑ፣ የሚስጥር ቁጥሩ። ማውጫው በአማርኛ ቢመጣ፣ በሶማሊኛ ቢመጣ፣ በእንግሊዝኛ ቢመጣ ለእሷ ያው ነው፤ ቅደም ተከተሉን ጣቷ ይዞታል። አንድ ቀን አገልግሎት ሰጪው «አሻሽለናል» ብሎ ሦስተኛውን ረድፍ ወደ አራተኛ ቢያወርደው ሦስትን ስትጫን ሌላ ነገር ይከፈታል። ለእሷ የተሻሻለ ነገር የለም። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ተበላሽቷል።

ነገሩን የደንበኛ ቅሬታ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዳሩ ግን ብዙ ሰው የተማመነበትን በይነገጽ ባለቤቱ መቼ፣ በምን ማስጠንቀቂያና በማን ኪሳራ ይቀይረዋል የሚለው ጥያቄ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ከሁሉም ጥብቁን መልስ የሰጠው የሊኑክስ ከርነል ነው። ይህ መልስ ዛሬ በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪበያህና በደወሌ ኪስ ውስጥ ያሉትን ስልኮች በቀጥታ ይነካል፤ አንዱን ክፍሉን አግኝተናል፣ ሌላው ግን አልደረሰንም። የኛ ባንኮች፣ ቴሌኮሞችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ለተጠቃሚያቸው ተመሳሳይ ቃል የሚገቡበት ጊዜ አሁን ነው እላለሁ።

አካባቢውን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች የሞባይል ገንዘብን ከብዙው የአገራችን ክፍል ቀድመው ለምደዋል። ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ ላይ ቴሌሶም «ዛድ» የተባለውን አገልግሎት የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቶጎ ውጫሌ በኩል ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ በስልክ መክፈልን ያኔ ነው ያወቀው። በኛ በኩል የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ፣ የዛሬው ሸበሌ ባንክ፣ ሄሎካሽን ይዞ ወጣ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ ሁለት መግቢያ አላቸው፤ አንዱ በስማርት ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው፣ ሌላው በማንኛውም ስልክ የሚሠራው የኮከብና የመሰላል መንገድ፣ ባለሙያዎቹ ዩኤስኤስዲ የሚሉት። የሁለቱ ዕጣ እጅግ የተለያየ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከርነል በፕሮግራሞችና በመሣሪያው አካል መካከል የሚቆም የኦፕሬቲንግ ሲስተም ክፍል ነው። ፋይል መክፈት፣ ስክሪን ላይ መጻፍ ወይም በኔትወርክ መላክ የፈለገ ፕሮግራም ሥራውን ራሱ አይሠራም፤ ከርነሉን ይጠይቃል። ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል፤ የሚጠየቀውም በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ማንበብ 0፣ መጻፍ 1፣ ፋይል መክፈት 2፣ መዝጋት 3 ነው። በቀድሞው 32 ቢት ማንበብ 3፣ መጻፍ 4፣ መክፈት 5፣ መዝጋት 6 ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሔልሲንኪ ላይ ገና ተማሪ ሳለ የጀመረው ከርነል እስከ ዛሬ ለነዚህ የ32 ቢት ቁጥሮች በዚያው መልክ ይመልሳል። ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር ቁጥሩ በውስጡ፣ ወይም አብሮት በሚሄደው ላይብረሪ ውስጥ፣ ተተክሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሰው ቢሞት፣ ኩባንያው ቢዘጋ፣ ምንጭ ኮዱ ቢጠፋ ፕሮግራሙ መጻፍ ሲፈልግ 4ን መጥራቱን ይቀጥላል። ሌላ አያውቅም።

ዝርዝሩን በቅርበት ያየ ሰው የሚያስገርም ነገር ያገኛል። በ32 ቢቱ ሰንጠረዥ 17፣ 31 እና 32 ዩኒክስ ከተባለው ጥንታዊ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተወረሱ፣ ሊኑክስ ግን ፈጽሞ ሠርቷቸው የማያውቅ ጥሪዎች ናቸው። የጠራቸው ሁሉ «እንዲህ ያለ ጥሪ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዶ ተቀምጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ጥሪዎች ሲጨመሩ አንዱም በነዚህ ቁጥሮች ላይ አልተቀመጠም። በ64 ቢቱ ሰንጠረዥም 156 ቁጥርን ይዞ የነበረው ጥሪ በ2020 እ.ኤ.አ. ከከርነል 5.5 ጋር ተሰናበተ፤ ቁጥሩ ግን ለማንም አልተላለፈም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሮጌ ፕሮግራም ድሮ በሚያውቀው ቁጥር ሲጠራ «የለም» ቢባል ቢያንስ መቆም ይችላል። በዚያው ቁጥር ሌላ ሥራ ቢፈጸምለት ግን ያላዘዘው ነገር ተደርጎበታል፤ መደረጉንም ላያውቅ ይችላል። የጫት ነጋዴዋ ሦስትን ተጭና «ይህ አገልግሎት ተቋርጧል» ቢላት ትናደዳለች፤ ገንዘቧ ወደማታውቀው ቦታ ቢሄድ ግን የዕለት እንጀራዋ ነው የሚጠፋው።

ከቁጥሮቹ በላይ የቆመው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ በከርነሉ ላይ የተደረገ ለውጥ ቀድሞ ይሠራ የነበረን ፕሮግራም ካቆመ ጥፋቱ የከርነሉ እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም፤ ለውጡም ይመለሳል። ቶርቫልድስ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለ ርኅራኄ ነው የሚከራከረው። «ፕሮግራሙ ራሱ ስሕተት ነበረበት» የሚለው መከላከያ አይሰማም፤ ተጠቃሚው ትናንት ሲሠራለት ነበርና።

ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ የ2019 እ.ኤ.አ. ታሪክ ያሳያል። ኤክስት4 የተባለውን የፋይል ሥርዓት የሚያሻሽሉ ሰዎች ከዲስክ የሚደረገውን ንባብ የሚቀንስ ለውጥ አስገቡ። ለውጡ ትክክል ነበር፤ ማሽኑን ያፈጥናል። ነገር ግን ከርነሉ ለምስጢር ሥራ የሚጠቀምባቸውን የዘፈቀደ ቁጥሮች የሚሰበስበው ከነዚሁ የዲስክ እንቅስቃሴዎች ጭምር ነበርና፣ ንባቡ ሲቀንስ አንዳንድ ማሽኖች ሲነሱ በቂ ግብዓት አጥተው የመግቢያው ገጽ ሳይመጣ ቆመው ቀሩ። ጥፋተኛ ፈላጊ ቢኖር የዘፈቀደ ቁጥር ባልደረሰበት ሰዓት የጠየቀውን ፕሮግራም መውቀስ ይችል ነበር። ቶርቫልድስ ግን ከርነል 5.3 ሊወጣ ሲል ያንን ጥሩ ማሻሻያ አስወጣው፤ ለችግሩ ሌላ መፍትሔ ከተገኘለት በኋላ ነው የፍጥነቱ ጉዳይ የተመለሰው። ከዚያ በፊት በ2011 እ.ኤ.አ. የከርነሉ ቁጥር ከ2.6.39 ወደ 3.0 ሲያልፍ «2.6» ብሎ የሚጀምር ስም ብቻ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ተደናገሩ። መልሱ ለነዚያ ፕሮግራሞች ከርነሉ ራሱን «2.6.40» እያለ የሚያስተዋውቅበት ልዩ መንገድ ማበጀት ሆነ። በጣም የተናቀ ዝርዝር ነገር ነው፤ የስሪት ቁጥር። ሆኖም ሰው ተደግፎበታል።

የጉግል መሐንዲሱ ሃይረም ራይት ያስተዋለው እውነት እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ ተጠቃሚ ሲበዛ በሰነድ የተጻፈው ቃል ኪዳን ብቻ ሳይሆን የሚታየው ጠባይ ሁሉ የአንድ ሰው መመኪያ ይሆናል። በዩኤስኤስዲ ማውጫ ላይ «ረድፎቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይቀጥላሉ» ብሎ ማንም ቃል አልገባም። ይሁንና በማያነቡት ቋንቋ የመጣን ማውጫ በቁጥር ቅደም ተከተል የያዙ ሰዎች ባሉበት ከተማ ቅደም ተከተሉ ራሱ ውል ነው። ቀብሪበያህ ላይ እናቱን የስልክ ገንዘብ ያስተማረ ወጣት ያስተማራት ቁጥሮቹን ነው፤ ማውጫውን አይደለም።

ስለ ዊንዶውስ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ማይክሮሶፍት ተኳኋኝነቱን የሚጠብቀው ከርነሉ ላይ ሳይሆን ከከርነሉ በላይ ባሉት ላይብረሪዎቹ ነው፤ የዊንዶውስ የውስጥ ጥሪ ቁጥሮች ከአንዱ ስሪት ወደ ሌላው ይቀያየራሉ፣ ፕሮግራሞችም በቀጥታ እንዳይጠሯቸው ይመከራል። መንገዱ ቢለይም ውጤቱ ለአገራችን ትልቅ ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ስሙ ወደ ሴጅ 50 የተቀየረው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኢትዮጵያ ግን አካውንቲንግ የተማረ ሰው ሥራ ሲፈልግ ዛሬም «ፒችትሪ እችላለሁ» ይላል፣ ማሠልጠኛዎችም የ2010ሩን ስሪት ያስተምራሉ። ያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ቪስታና ሰባት ዘመን የተጻፈ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ሲጫን የዳታቤዝ አገልግሎቱ አልነሳ እያለ ያስቸግር ይሆናል እንጂ በጥቂት መላ ይሠራል። ይህ የሆነው አንድ ሰው ማይክሮሶፍት ውስጥ አሮጌውን በር ክፍት ስላቆየልን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮቻችን የሌላቸውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ሳይሰበር ማሽኑ የተሰበረበት ጊዜ ላይ ነን።

ስልኩ ላይ የሆነውም እንዲህ ነው፤ እዚያ ግን ጉዳቱ ይሰፋል።

አንድሮይድ ከታች ሊኑክስ ነው። ጅግጅጋ ላይ ያለ ሞባይል ጥገና ቤት ለሥራ የመጣለትን ርካሽ ስልክ ቅንብሮች፣ ከዚያ ስለ ስልኩ የሚለውን ከፍቶ ቢያይ «የከርነል ስሪት» የሚል መስመር ያገኛል። በሚዲያቴክ ኤምቲ6580 ቺፕ የተሠሩ፣ ለብዙ ዓመት በየገበያው የተሸጡ ስልኮች ላይ መስመሩ በ3.10 ወይም በ3.18 ይጀምራል። 3.10 የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው፤ የከርነሉ ባለቤቶች ጥገናውን በ2017 መጨረሻ በ3.10.108 ዘግተዋል። ስልኩ ግን ዛሬም ይደወልበታል፣ ዋትስአፕ ይላክበታል፣ ገንዘብ ይተላለፍበታል።

አዲስ ከርነል ለምን አይጫንለትም? ከላይ በተናገርኩት ቃል ኪዳን መሠረት ፕሮግራሞቹ ምንም አይደርስባቸውም፤ የ2013 አፕን የ2025 ከርነል አይከለክለውም። ችግሩ ከታች በኩል ነው። ከርነሉ ወደ ላይ፣ ወደ ፕሮግራሞቹ፣ የገባውን ቃል ወደ ውስጥ፣ ለድራይቨሮች፣ አልገባም። ካሜራን፣ ሬዲዮን፣ የስክሪን ንክኪን የሚያሠሩት ድራይቨሮች የሚነጋገሩበት የውስጥ በይነገጽ በየስሪቱ ይለዋወጣል፤ የሊኑክስ አዘጋጆች ይህን ሆን ብለው ነው ያደረጉት። ግሬግ ክሮኸ-ሃርትማን ምክንያቱን ከከርነሉ ሰነዶች ጋር አኑሮታል። የሐሳቡ ፍሬ ድራይቨርህን ለኛ አስረክብ፣ ውስጡን ስንለውጥ አብረን እንለውጥልሃለን የሚል ነው። ለኮምፒውተር ይህ ሠርቷል። ለስልክ ግን ቺፕ ሠሪዎቹ ድራይቨራቸውን አላስረከቡም። አንድ ከርነል ወስደው፣ በላዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የራሳቸውን ለውጦች ጭነው፣ ለስልክ ሠሪው ሰጥተው ወደሚቀጥለው ቺፕ ሄዱ። ስልክ ሠሪው አዲስ ከርነል ቢፈልግ ሁሉንም እንደገና ማስተካከል አለበት። ጥቂት ሺህ ብር ለተሸጠ ስልክ ይህን ወጪ ማን ይከፍላል? ማንም አይከፍልም።

የጅግጅጋው ባለ ስልክ ከሁለት ያጣ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለፕሮግራሞች የተገባው ቃል ይጠብቀኛል ብሎ ሊተማመን ይችል ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ቃል ጥቅም የሚያገኘው አዲስ ከርነል የሚደርሰው ሰው ነው። ለድራይቨሮች ያልተገባው ቃል ደግሞ አዲሱ ከርነል እንዳይደርሰው አደረገ። በሊኑክስ ሰዎች ላይ ያለኝ አንዱ ቅሬታ ይህ ነው። ውሳኔያቸው ከምህንድስና አንጻር ይገባኛል፤ ለሠላሳ ዓመት ከርነሉን ቀላልና ተለዋዋጭ አድርጎ አኑሮታል። ዋጋውን የከፈሉት ግን በውይይቱ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው፦ አዲስ አበባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገጣጠሙትን የቴክኖ ስልኮች፣ ከዱባይና ከሐርጌሳ በሻንጣ የገቡትን ያገለገሉ ስልኮች የያዙ።

ጉግል ችግሩን ዘግይቶ ቢሆንም አይቶታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከአንድሮይድ 8 ጋር «ትሬብል» የተባለ አሠራር መጣ፤ የቺፕ ሠሪውን ክፍል ከአንድሮይዱ ክፍል በተወሰነ በይነገጽ ለየው። ቀጥሎ በአንድሮይድ 12ና በከርነል 5.10 ለሚወጡ ስልኮች ሁሉም አንድ የጋራ ከርነል እንዲጠቀሙ፣ የቺፕ ሠሪው ድራይቨሮችም በተወሰነ ዘመን ውስጥ የማይለወጥ የውስጥ በይነገጽ ይዘው ከውጭ እንዲጫኑ ተደረገ። ያ የተነፈገው ቃል ኪዳን በከፊል መጣ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተሸጠውን ስልክ ግን ወደ ኋላ ሄዶ አያድነውም። በሌላ በኩል በ2017 የከርነል የረጅም ጊዜ ስሪቶች ድጋፍ እስከ ስድስት ዓመት እንዲደርስ ተወስኖ የነበረው በ2023 ወደ ሁለት ዓመት እንዲመለስ ተወሰነ። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተቀንሷል።

ከላይ ያሉት አፖች ደግሞ የራሳቸው ሩጫ አላቸው። ዋትስአፕ አንድሮይድ 4.4ንና ከዚያ በታች ያሉትን ትቷቸዋል። ከነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጉግል ፕሌይ ደንብ አፖች 64 ቢት እንዲኖራቸው ያዛል፤ ለ32 ቢቱ መሥራት አልተከለከለም፣ ግን ከዚያ ወዲህ 32 ቢት የብዙ አዘጋጅ የመጀመሪያ ሐሳብ አይደለም። የባንክና የቴሌኮም አፖችም ዝቅተኛውን የአንድሮይድ ስሪት ከፍ እያደረጉ ይሄዳሉ። ይህን ጊዜ የሚተርፈው ኮከብና መሰላል ነው። ዩኤስኤስዲ በ1990ዎቹ ከጂኤስኤም ጋር የመጣ፣ ያረጀ፣ ማንም የማይኮራበት ነገር ነው። ነገር ግን ስለማይለወጥ በጥሩው ስልክም በርካሹ ስልክም እኩል ይሠራል። በድርቅ ጊዜ በቤተሰብ ስልክ ለተላከ ገንዘብ፣ ከደወሌ ለጅቡቲ ጭነት ለሚከፍል ሹፌር ይህ መስመር የመጨረሻው ዋስትና ነው። አንዳንድ ሰዎች «ዩኤስኤስዲን ዘግተን ሁሉን ወደ አፕ እንውሰድ» ሲሉ እሰማለሁ። በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ሐሳቡ ዘመናዊ ይመስላል፤ በፋፈንና በሲቲ ዞኖች ግን ሰው ከገንዘቡ መቆራረጥ ማለት ነው።

ከጸጥታ አንጻር የሚነሳውን ክርክር በቁም ነገር መውሰድ ይገባል። አሮጌ በር ክፍት ማቆየት ሌባም ይጋብዛል ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጥቅምት የተገለጠው «ደርቲ ካው» የተባለ የከርነል ቀዳዳ ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ የኖረ ነበር፤ ተራ አፕ የስልኩን ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ መንገድ ይከፍት ነበር። ጥገናው ያልደረሳቸው የ3.10 ስልኮች ዛሬም ለዚህ ተጋላጭ ናቸው፤ በነዚሁ ስልኮች ላይ ደግሞ ገንዘብ ይቀመጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የደርቲ ካው ጥገና አንድም ሲስተም ኮል አልቀየረም፣ አንድም አሮጌ ፕሮግራም እንዲቆም አልጠየቀም። ቀዳዳው ተደፍኗል፣ በሩ እንዳለ ነው። ስልኮቹ አደጋ ላይ የቀሩት ተኳኋኝነት ስለተጠበቀላቸው ሳይሆን ጥገናውን የሚያደርስላቸው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ «ለደህንነት ሲባል አሮጌውን ዘጋን» የሚል ተቋም ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ቀዳዳውን ለመድፈን ምን ሞክረህ ነበር የሚለው ነው።

ለውጥ ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ሊኑክስም የ386 ፕሮሰሰርን ከከርነል 3.8 አስወጥቷል፤ ተጠቃሚው ካለቀ በኋላ። እኛም ጥሩ ምሳሌ አለን። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የአገሪቱን የስልክ ቁጥሮች ሁሉ ባለ10 አኃዝ ሲያደርግ የጅግጅጋ መደበኛ ስልኮች በ025 መጀመር ጀመሩ። ቁጥር አልቆ ስለነበር መቀየሩ ግድ ነበር። የተቀየረበት ዘዴ ግን ብልህ ነበር፤ ሰው ያስታውሰው የነበረው ቁጥር ሳይጠፋ በፊቱ አኃዝ ተጨመረበት። የሞባይሉ 09 ከነበረበት 0911 ሲሆን የተቀሩት ስድስቱ በቦታቸው ቀሩ። ሁለት ተጨማሪ አኃዝ ማስታወስ የቻለ ሰው ሁሉ ወዳጁን አላጣም።

ከርነሉ ትልቁን ፈተናውን የተወጣበት መንገድ ከዚህ ዘዴ ጋር ይመሳሰላል፤ ለኛ ደግሞ በተለይ ቅርብ ነው። የዩኒክስ ዘር የሆኑ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት ቦታ የሚያዘው ትልቁ የሰከንድ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ያ ቁጥር የሚሞላው በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በኛ አቆጣጠር ቢሰላ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያች ሰከንድ ቀጥሎ ያልታረመ ማሽን ሰዓቱን ወደ ኋላ ዘሎ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን።

ከርነሉ ይህን እንዴት ፈታው? የድሮውን ጥሪ አልነካም። በ32 ቢት ሰንጠረዥ ሰዓት የሚጠየቅበት 265 ቁጥር በነበረበት መልክ ቀረ፤ ሰፊውን ሰዓት የሚሰጥ አዲስ ጥሪ በ403 ተጨመረ። አዳዲሶቹ ጥሪዎች በ2019 በከርነል 5.1 ገቡ፣ በ2020 በ5.6 ከርነሉ ለ32 ቢት ማሽኖች ዝግጁ ሆነ። የታረመ ፕሮግራም 403ን ይጠራል፤ ያልታረመው 265ን እንደጠራ እስከዚያች ንጋት ይሠራል። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 13 የተባለ የሊኑክስ ስርጭት አርም በተባሉት ባለ32 ቢት ፕሮሰሰሮች ላይ ወደ ሰፊው ሰዓት ሲሻገር፣ ለአሮጌው የኢንቴል 32 ቢት ግን ሆን ብሎ ጠባቡን ሰዓት ተወለት፤ ያ ስሪት አሁን የሚኖረው የድሮ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ ነውና፣ ሰዓቱ ቢሰፋ ፕሮግራሞቹ ይሰበሩ ነበር። የ32 ቢት አንድሮይድም በጠባቡ ሰዓት ላይ ይቀራል።

የዛሬዎቹ ስልኮች እስከ 2030 ዓ.ም. ይቆያሉ ብዬ አላምንም። የሚያሳስቡኝ የማይታዩት ናቸው፦ በየሱቁ ያሉ የክፍያ ማሽኖች፣ የሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያዎች፣ የኔትወርክ ሳጥኖች፣ የጥበቃ ካሜራዎች፣ ከተገዙ በኋላ ማንም አፕዴት የማያደርጋቸው። የባንክ ሒሳብ ደግሞ እስከ 2030 አይጠብቅም። ከጥር 2018 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ የሚፈረም የ12 ዓመት ብድር የመጨረሻ ክፍያው ከዚያች ንጋት ወዲያ ነው። የ20 ዓመት የቤት ብድር ከዓመታት በፊት ተሻግሯታል። ቀኑን በ32 ቢት የሚያሰላ አሮጌ ፕሮግራም ካለ ስሕተቱን ዛሬ ማሳየት ይችላል።

ምን ይደረግ? የሞባይል ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት የዩኤስኤስዲ ማውጫቸው ላይ የተሰጠን ቁጥር ለሌላ አገልግሎት እንዳያውሉ፣ የሚቀር አገልግሎት ካለም ቦታው «ተቋርጧል» እያለ ባዶ እንዲቆይ፣ አዲስ አገልግሎት ሁልጊዜ ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ እንዲገባ ማድረግ ይችላሉ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውሳኔ ብቻ ነው። ብሔራዊ ባንክ ይህን በመመሪያ ቢያስገድድ ደግሞ በየኩባንያው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ አይሆንም። የፋይዳ መታወቂያ ከየባንኩ ሲስተም ጋር ሲተሳሰር የሚከፈቱት የመጠየቂያ በሮችም ገና አዲስ ሳሉ በዚሁ ሕግ ቢተዳደሩ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የአንድ ትንሽ ማይክሮ ፋይናንስ ሲስተም በአንድ ሌሊት ዝማኔ አይቆምም።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን የመመርመርና የማጽደቅ ሥልጣን አለው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ስልክ ሠሪዎች ሽያጭ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የኦፕሬቲንግ ሲስተም አፕዴት እንዲሰጡ ያስገድዳል። ያንኑ ስልክ የሚሠሩ ኩባንያዎች ለኛ ገበያ ይህን ቃል ለምን እንደማይገቡ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቢያንስ በማጽደቂያው ሰነድ ላይ የከርነሉ ስሪትና የጥገናው ማብቂያ ቀን ይጻፍ፤ በቶጎ ውጫሌ የሚገዛው ሰውም በሳጥኑ ላይ ይየው።

የ2030ውን ጉዳይ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ መጀመር ይቻላል። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ርእስ ቢያጣ ይህ አለለት፦ በከተማው ውስጥ ሥራ ላይ ካሉት የመሣሪያ ዓይነቶች አንድ አንድ ናሙና መዋስ፣ ከኔትወርክ ነጥሎ ሰዓታቸውን ወደ ጥር 10 ቀን 2030 ዓ.ም. ማዞር፣ ሌሊቱን እንዲያልፉ መተው፣ በነጋታው የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው በ1894 እንደነቃ መመዝገብና ዝርዝሩን ለባለቤቶቹ ማድረስ ነው።